የነፋስ መከላከያው ጉዳይ

ከዚህ ጸሐፊ የለመዳችሁት ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና እነዚህን ጉዳዮች በእጃቸው ስለያዙ ሰዎች የሚቀርብ ትችት ነው። ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጥያቄ ግን ከአንድ ባለ 150 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አይበልጥም፤ በሞተሬ ፊት የነፋስ መከላከያ ላስገጥም ወይስ ይቅርብኝ? ጥያቄው ቀልድ የሚመስለው ደብረ ብርሃንን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ለማያውቃት ሰው ብቻ ነው። የሚያውቃት አይስቅብኝም። ለሚስቁትም ቢሆን ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ሲጀመር የመካኒክ ጉዳይ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን የኅሊና ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት።

ብርዱና ሒሳቡ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳማ አምባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። ስለ ብርዷ ግን ዜና መዋዕል ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ስሟ ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ጋር ተያይዞ በአገሩ ሁሉ መነሣቱ ብቻውን በቂ ምስክር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ቁጥር ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጋል። ገበሬው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ አህያው በአፍንጫዋ እንፋሎት እየተፋች ወደ ገበያ ሲጓዙ፣ እኔም በዚያው ሰዓት ሞተሬን አስነሥቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

የቆመ ሰው ብርድና የሚጋልብ ሰው ብርድ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ ሥራ ላይ የዋለ፣ ነፋስ በተጋለጠ ቆዳ ላይ የሚያስከትለውን ቅዝቃዜ የሚያሰላ ቀመር አለ። በዚህ ቀመር መሠረት የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ማለዳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ፊቱ የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ፍጥነቱን ወደ 60 ሲያሳድግ ከዜሮ በታች ወደ 2 ይወርዳል። የነፋሱ ግፊት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ደረትን የሚዳስሰው ነፋስ በ80 በቡጢ ይመታል ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን መኪና አትገዛም?» የሚል ካለ፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ አለመሆኑን ወዲያው አውቅበታለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ መኪና ለመምህር የሎተሪ ጉዳይ ሆኗል። የቤንዚን ዋጋም ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየንም። ሞተር ለእኔ የወጣትነት ፍላጎት ሳይሆን የሒሳብ ውጤት ነች።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር፣ ለሦስት ሳምንት የቆየ ሳል ያዘኝ። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» አለኝ። አላጨስም። «በምንድን ነው የምትመላለሰው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እንግዲያስ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሳይሆን ከጋራዥ ነው» አለ። ቤት ደርሼ ይህን እንደ ቀልድ ሳወራ ባለቤቴ አልሳቀችም። «ሙግትህን ለተማሪዎችህ አቆይላቸው፤ ደረትህን ግን ሸፍን» አለችኝ።

ጎን ለጎን የሚሄድ ጥቅምና ጉዳት

ወደ መካኒኬ ሄድሁ። እኝህ አዛውንት ቬስፓ በከተማው ጎዳና በነበረበት ዘመን ጀምረው እጃቸው ከግራሶ ያልራቀ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ወዲያው «እሺ» አላሉኝም። ሞተሯን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ዶክተር፣ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ጠላት ነው፤ ከጎን ሲመጣ ግን ጌታ ነው። ሰፊ ነገር ከገተሩለት መሪውን ከእርስዎ ይቀማና እሱ ይነዳል» አሉኝ።

የተማረ ሰው አመሉ አይለቀውምና ማታውን ጉዳዩን ሳጠና አመሸሁ። አዛውንቱ ያለ መጽሐፍ የነገሩኝን ነገር የአውሮፓ ሞተር ሠሪዎች በብዙ ወጪ ተምረውት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእሽቅድምድም ሞተሮች የፊት ጎማቸውን ጭምር የሚውጥ ሙሉ ልባስ ይለብሱ ነበር፤ የኢጣልያው ሞቶ ጉዚ ፋብሪካ እንዲያውም በማንዴሎ ዴል ላሪዮ የራሱ የነፋስ መፈተሻ ዋሻ ነበረው። ልባሱ ፍጥነት ጨመረ፤ ነገር ግን ነፋስ ከጎን ሲመታው እንደ ጀልባ ሸራ ሞተሩን ይገፋ ነበርና ዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን ከ1957 የውድድር ዘመን በኋላ ከለከለው። መፍትሔው ልባሱን ፈጽሞ መጣል አልነበረም፤ ማሳነስና በልክ መሥራት እንጂ። ቢ.ኤም.ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያወጣው አር 100 አር.ኤስ. በነፋስ ዋሻ ተፈትሾ ነጂውን በወጉ የሚከልል ልባስ ይዞ ብቅ ያለው ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ነፋሱ ከመከላከያው ጫፍ ላይ ሲያልፍ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ጫፉ ከነጂው ራስ ጋር በማይስማማ ከፍታ ላይ ከዋለ ያ ሽክርክሪት ራስ ቁሩን እየናጠ ያደነቁራል። በዚያ ላይ ፕላስቲክ ይጫራል። የተጫረ ፕላስቲክ ከፊት የምትወጣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጭጋግ ይነጣል፤ ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ አይታይም። ስለዚህ በሙያው የኖሩ ሰዎች አንድ ቀላል ደንብ አላቸው፤ መከላከያው ደረትን ይሸፍን፣ ጫፉ ከአፍንጫ በላይ አይውጣ፣ ነጂው ምንጊዜም በላዩ ይይ እንጂ በውስጡ አይይ።

ይህን ደንብ ሳነብ ሐሳቤ ከሞተሩ ሸርተት ብሎ ወደ ለመደው ሜዳ ሄደ። በላዩ ማየትና በውስጡ ማየት! የዚህች አገር የፖለቲካ ታሪክ ከመስተዋት በስተ ጀርባ የማየት ታሪክ አይደለምን?

ከመስተዋት በስተ ጀርባ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። ለዐሥርተ ዓመታት ከሰፋፊ መኪኖች መስኮት ሕዝባቸውን ሲያዩ የኖሩ ንጉሠ ነገሥት፣ ያን ዕለት በትንሿ መኪና ውስጥ የሕዝቡን ጩኸት ከቅርብ ሰሙት። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ መስተዋቱን አጠቆሩት። ከውጭ ያለው ወደ ውስጥ እንዳያይ ታስቦ የጠቆረ መስተዋት ውሎ አድሮ ከውስጥ ያለውንም ወደ ውጭ እንዳያይ ያደርገዋል።

ለሞተረኛ የሚቀርበውን ምሳሌ ልጥቀስ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ ታገደ። የተሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ዝርፊያው እውነት ነው፤ ቦርሳዋን የተነጠቀችን እኅት «የለም» ልላት አልችልም። ይሁንና ሌባውን ለመያዝ የሁሉም መንገድ ሲዘጋ፣ ውሳኔው በሞተር እንጀራውን በሚጋግር ሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያስከትል ከአራት ጎማ መስኮት በስተ ጀርባ ምን ያህል ይታይ ነበር? ብያኔውን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ነገር ግን ባለሥልጣንን መውቀስ ቀላል ነው፤ የዚህ ገጽም የዕለት እንጀራ ነው። የእኛስ የምሁራኑ መስተዋት? የእኛ መስተዋት ቃል ነው። ስለ ተፈናቀለ ሰው ስንጽፍ «የተጋላጭነት ደረጃ» እንላለን፤ ስለ ራበው ሰው «የምግብ ዋስትና ክፍተት» እንላለን። እኔም ብያለሁ። እነዚህ ቃላት ሐሰት አይደሉም፤ ግን ነፋስ አያስገቡም። አበው «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ያሉት ለጨካኝ ብቻ አይመስለኝም፤ ቁስሉን በሩቁ እየለካ ለሚጽፍም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ሐኪሙ፣ ባለቤቴና ሒሳቡ ሁሉ «አስገጥም» እያሉኝ ሳቅማማ የከረምሁት በነፋስ ሽክርክሪትና በተጫረ ፕላስቲክ ምክንያት ብቻ አልነበረም። በየዕለቱ የማልፍበት መንገድ ዳር፣ ከወለጋና ከሌሎችም አካባቢዎች ነፍሳቸውን ይዘው የመጡ ተፈናቃዮች በሸራና በፕላስቲክ ተጠልለው ይኖራሉ። ጧት በአጠገባቸው ሳልፍ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ «ቢያንስ ብርዱን ተካፍዬአለሁ» የሚል አንድ የተደበቀ ኩራት ነበረኝ። መከላከያ ባስገጥም ያችን ማለፊያ ወረቀቴን የምነጠቅ መሰለኝ።

ሞተር ላይ የሞቁ እጆች

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አንድ ማታ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ጣቶቼ ፍሪሲዮን መያዝ ተሳናቸው። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሞተሯን አቆምሁና ጓንቴን አውልቄ በሞተሩ ሙቀት እጆቼን ማሞቅ ጀመርሁ። ከመጠለያው በኩል ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆነው ልጅ መጣ። ሰላምታ ሰጠኝና ምንም ሳይጠይቅ እጆቹን ከእጆቼ አጠገብ ዘረጋ። ጥቂት ዝም ብለን ሞቅን።

«ጋሼ፣ ጣቶችህ ይንቀጠቀጣሉ» አለኝ።

«ነፋሱ ነው» አልሁት።

የሞተሯን ፊት አየና፣ «ታዲያ ለምን ላስቲክ አታደርግባትም? እኛ ቤቱን በዚህ በኩል አድርገንበታል» አለኝ፤ በአገጩ ወደ መጠለያው እያመለከተ።

«ይከለክላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ልጁ እንደ ባለሙያ ጥቂት አሰበ። «ነፋሱን ይከለክላል። ብርዱን ግን አይችለውም። ቀጭን ከሆነ ደግሞ ሌሊት ይጮኻል፤ እንቅልፍ አያስተኛም። ወፍራሙን ካገኘህ ጥሩ ነው» አለኝ።

ዶክትሬት ይዤ፣ ቀመር አስልቼ፣ የኢጣልያንና የጀርመንን ፋብሪካ ታሪክ አገላብጬ ያልቆረጥሁትን ነገር ይህ ልጅ በአራት ዓረፍተ ነገር ቆረጠልኝ። ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝ ደግሞ ያላለው ነገር ነው። ከብርዱ ድርሻዬን በመውሰዴ አላመሰገነኝም። እንዴት ያመሰግነኛል? የእኔ መንቀጥቀጥ የእነርሱን ድንኳን በአንድ ዲግሪ አላሞቀውም። ያ ሁሉ ኩራቴ ለእኔ እንጂ ለእርሱ አልነበረም። ብርድ የመረጠ ሰውና ብርድ የወደቀበት ሰው በአንድ መንገድ ቢተላለፉም በአንድ ብርድ ውስጥ አይደሉም፤ እኔ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቤቴ ገብቼ ሻይ እጠጣለሁ።

ስንለያይ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እሄዳለሁ፤ ጧት ግን እስክሪብቶው እንቢ ይላል» አለኝ። እስክሪብቶው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ ቀለሙ ሳይሆን ጣቱ ነው እንቢ የሚለው። ከመጠለያው አንዲት ሴት ድምፅ ሲጠራው ሮጦ ሄደ።

ከዚያ ማታ በኋላ ጥያቄው ተለወጠብኝ። «መከላከያው ከሰዎቹ ይለየኛል ወይ?» የሚለው የተሳሳተ ጥያቄ ነበር። ከሰዎቹ የሚለየኝ ፕላስቲክ ሳይሆን ሳልቆም ማለፌ ነው። ያለ መከላከያ በእነርሱ አጠገብ ስመላለስ ወራት ቆጥሬአለሁ፤ ያን ማታ የቆምሁት ለእነርሱ ብዬ አልነበረም፤ ለገዛ ጣቶቼ ብዬ ነው። መስኮት የሌለው መኪና ውስጥ ተቀምጦም ሰው ሳያይ ማለፍ ይቻላል። በአንጻሩ ደረቱ የሞቀ ሰው ቆሞ ለመነጋገር ጊዜ አያጣም፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን የሚያስበው ቤቱን ብቻ ነው። ይህን ከራሴ ዐውቃለሁ።

ውሳኔው

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መካኒኬ ተመለስሁና «ይገጠም፤ ዝቅ ብሎ ይገጠም» አልኋቸው። በሁለት ብረት ከመሪው ጋር የሚታሰር፣ ከፊት መብራቱ በላይ ተነሥቶ ደረቴ ላይ የሚቆም ወፍራም ጥርት ያለ ፕላስቲክ መረጡልኝ። ሞተሯ ላይ አስቀመጡኝና የዓይኔን ከፍታ በመዳፋቸው ለኩ። «እዚህ ድረስ። ከዚህ በላይ ካለፈ መንገዱን በፕላስቲክ ውስጥ ነው የሚያዩት፤ ሲጫር ደግሞ ምንም አያዩም» አሉኝ። ትርፉን በመጋዝ ቆረጡት፤ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፤ ብሎኖቹን አጠበቁ። ሥራው ሁለት ሰዓት አልፈጀም።

ሰኞ ማለዳ ልዩነቱን አየሁት። ደረቴ ሞቀ። ፊቴ እንደ ቀድሞው ቀዘቀዘ። በሬሳ ወንዝ ድልድይ ላይ ስደርስ ነፋሱ ከጎን መጣና መሪውን ነቅነቅ አደረገው፤ አዛውንቱ የነገሩኝ ጌታ ይኸው መጣ ብዬ ፍጥነቴን ቀነስሁ። ተሳቢ መኪና ሲቀድመኝም እንዲሁ አንድ ጊዜ ይገፋኛል፤ አንድ ጊዜ ይስበኛል። ስለዚህ መከላከያው ያተረፈልኝን በትዕግሥት አስከፈለኝ፤ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። ሳሉ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆምሁ። በዚህ ጊዜ ጣቴ ስለ ደነዘዘ አልነበረም። ለተማሪ የሚሆን የሱፍ ጓንትና ጥቂት ደብተር ይዤ ነበር። ይህን የምጽፈው ለምስጋና አይደለም፤ ጓንት የአንድ መንግሥት ፖሊሲ ሊተካ አይችልም። «ጊዜያዊ መጠለያ» ተብሎ የተተከለ ሸራ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት፣ «ጊዜያዊ» የምትለው ቃል ራሷ አርጅታ ትሞታለች። እነዚህ ሰዎች ወይ ወደ ቀያቸው ያለ ስጋት ይመለሱ፣ ወይ ባሉበት ግድግዳና ጣሪያ ያለው ኑሮ ይጀምሩ፤ በሁለቱ መካከል በላስቲክ ተንጠልጥለው እንዲኖሩ የሚፈርድ ሕግ የለም። ለእኔ ደረት መከላከያ ለመግጠም ሁለት ሰዓት በቃ። አንድን ቤተሰብ ከነፋስ ለመከለል ስንት ዓመት ይፈጃል ብለን የመጠየቅ ግዴታ አለብን፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ቢባልም፣ የጮኸውን ሰምቶ ዝም ያለ ጎረቤት ስሙ ምን እንደሆነ ተረቱ አልነገረንም።

ልጁ ጓንቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ ሞተሯ ሄደ። አዲሱን መከላከያ በጣቱ ቆረቆረው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ። ከኋላው ዞሮ ጎንበስ ብሎ በውስጡ ወደ መጠለያው አየ። ከዚያ ቀና ብሎ በላዩ አየ።

«ይሄ ወፍራም ነው» አለኝ። «ከእኛ ቤት ይወፍራል።»

የምመልስለት አጣሁ። እስከ ዛሬም አላገኘሁም።